ስድስት ሆነን ውጭ ስንበላ ሂሳቡ ለምን ይንራል?

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ፣ አማቴ፣ እኔና ሦስት ልጆቻችን ለ8 ቀን ጉዞ ልንወጣ ነው። ትልቁ ልጅ 12፣ መካከለኛው 7፣ ትንሿ 2 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጉዟችን ለምግብ የያዝነው ገንዘብ በ4ኛው ቀን አለቀ። ውድ ቦታ የገባን አይመስለኝም፤ የአካባቢው ሰው የሚበላበት ነው የበላነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው? መካከለኛው ልጄ አዲስ ምግብ አይነካም። አማቴ ደም ግፊት አለባቸው፤ ደግሞ ዋጋ መጠየቅና አንድ ሳህን መካፈል ያሳፍራቸዋል። ስንቅ ተሸክሞ ከመሄድ ሌላ መላ አለው?»

ምላሽ፦ አለው። ስንቁን ለጊዜው ይርሱት።

ለዓመታት ሆቴልና ምግብ ቤት ውስጥ ኮስት ኮንትሮለር ሆኜ ሠርቻለሁ። እያንዳንዱ ሳህን ስንት እንደፈጀና ስንት እንዳስገባ ማስላት ነበር ሥራዬ። ሂሳቡን የማውቀው ከካሸሩ ወንበር ጀርባ ሆኜ ነው። ከዚያ ሆኖ ሲታይ ርካሽ ቤት ገብቶ ውድ ሂሳብ መክፈል በጣም ቀላል ነው። ቤተሰብን የሚያስደነግጠው ሂሳብ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ምግብ አይመጣም። ከዙሪያው ነው የሚመጣው።

በቁጥር እንየው። ለስሌት እንዲመቸን አንድ ሳህን ዋና ምግብ 10 ነው እንበል። የየት አገር ገንዘብ እንደሆነ ግድ የለም። ትንሿን ትተን ለአምስታችሁ 5 ሳህን ታዘዘ፤ 50። ለአምስታችሁም አንዳንድ ለስላሳ ወይም ጭማቂ መጣ፤ በ3 ሂሳብ 15። ልጆቹ ርቧቸው ስለነበር ምግቡ እስኪደርስ ማስታገሻ ተብሎ አንድ ሳህን የሚቀማመስ ነገር ታከለ፤ 6። በመጨረሻ ለሦስቱ ልጆች ጣፋጭ፤ 9። ይህ 80 ሆነ። ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ተደምረው 20 በመቶ ቢሆኑ ሂሳቡ 96 ይደርሳል።

ከ96ቱ ዋናው ምግብ 50 ብቻ ነው። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሌላ ነገር ነው። 20 በመቶውም የተሰላው በምግቡ ላይ ብቻ ሳይሆን በለስላሳውም በጣፋጩም ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ያው ቤተሰብ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጥ። ለሦስቱ አዋቂዎችና ለትልቁ ልጅ 4 ሳህን፤ 40። ሁለቱ ትንንሾች በባዶ ሳህን ከመካከል ይነሳላቸዋል። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ፤ 2። በ42 ላይ ያው 20 በመቶ ሲጨመር 50 ከምናምን ነው። ማንም ሳይራብ ሂሳቡ በግማሽ ገደማ ወረደ።

መጠጡ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሙያው የተለመደ ስሌት አለ። የአንድ ምግብ ጥሬ ዕቃ ከሽያጭ ዋጋው ሲሶ ገደማ እንዲሆን ይታሰባል። ለስላሳ፣ ሻይና ቡና ላይ ግን የጥሬ ዕቃው ድርሻ ከዚያ በጣም ያንሳል። ብዙ ቤት ምግቡን በሚችለው ዋጋ አቅርቦ ትርፉን ከብርጭቆ ነው የሚለቅመው። አስተናጋጁ ገና ወንበር ሳትስቡ «የሚጠጣ ምን ይምጣ?» የሚላችሁ ለትህትና ብቻ አይደለም። እኛው ነን እንዲህ በሉ ብለን የምናሠለጥናቸው። መልስዎ አጭር ይሁን፤ «ለጊዜው ውሃ፤ ሌላውን ከምግቡ ጋር እናያለን።» ምግቡ ሲመጣ ግማሹ ሰው መጠጡን ረስቶታል። ልጆቹ ለስላሳ የግድ ካሉ ቆይቶ ከሱቅ ገዝቶ መናፈሻ ላይ መጠጣት ይቻላል። እነሱ እንደውም ይሄኛውን ይወዱታል።

ሁለተኛው ስሌት የቀናቱ ነው። 8 ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ፣ 6 ሰው፤ 144 የሰው ምግብ ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ልብላ የሚል ቤተሰብ በ4ኛው ቀን ኪሱ ባዶ ቢሆን አይገርመኝም። በቀን አንዴ ብቻ ምግብ ቤት ግቡ። እሱም ምሳ ይሁን።

ለምን ምሳ? ምክንያቱ ኪችን ውስጥ ነው። ቀን ላይ የሚመጣው አብዛኛው ደንበኛ ከሥራ የወጣ ሰው ነው። ቸኩሏል፣ ዋጋ ያውቃል፣ ነገም ተመልሶ ይመጣል። እሱን ለመያዝ ቤቱ ጥቂት ምግቦችን በብዛት ይሠራል፣ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጠረጴዛውን ቶሎ ቶሎ ያዞራል። ማታ የሚመጣው ግን ሊዝናና ነው። ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ዋጋ ብዙም አያይም። ስለዚህ ያው ሼፍ በያው ድስት የሠራው ምግብ ማታ በሌላ ስምና በሌላ ዋጋ ሊወጣ ይችላል። በየከተማው «የቀኑ ምግብ» ወይም «የምሳ ሜኑ» የሚባል ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ። ዋና ሜኑው ላይ ተጽፎ ላይገኝ ይችላል። ግድግዳ ላይ ወይም ሰሌዳ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ምሳውን ግን ሰዉ ከሚግተለተልበት ሰዓት 30 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ቦታ ታገኛላችሁ፣ ምግቡ ገና መውጣቱ ነው፣ አስተናጋጁም ልጆቻችሁን ፈገግ ብሎ ለማየት ጊዜ ይኖረዋል። በግርግሩ መሀል የ2 ዓመት ልጅ ይዞ መግባት ለሁሉም ሰው መከራ ነው።

ቁርሱን ከሱቅ ወይም ከገበያ ትኩስ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ብሉ። ማረፊያው «ቁርስን ጨምሮ» የሚል ከሆነ ለስንት ሰው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። የክፍሉ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የ2 አዋቂ ቁርስ ነው። የቀሩት ለየብቻ ይታሰባሉ። ስድስት ሆናችሁ ቡፌው ጋ ተሰልፋችሁ ስትወጡ ያንን ማወቅ አይመከርም። እራቱ ደግሞ ቀለል ይበል፤ ሾርባ፣ ከምሳ ወዲህ የተገዛ ነገር፣ ወይም ሁለት ሳህን ብቻ ተገዝቶ የሚካፈሉት።

አሁን ወደ ቤቱ ምርጫ። «የአካባቢው ሰው የሚበላበት ነው የበላነው» ብለዋል። ልጠይቅዎት፦ የትኛው የአካባቢው ሰው? በምን ሰዓት? የልደት በዓል ሊያከብር የመጣም የአካባቢው ሰው ነው። እኔ የምፈልገው በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የሚበላውን ነው። ጎብኚ ከሚበዛበት አደባባይ ወይም ሙዚየም ተነስታችሁ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ። ኪራዩ ይቀንሳል። ኪራዩ ሲቀንስ ሳህኑም ይቀንሳል። አደባባዩ ላይ የተቀመጠ ሰው ከምግቡ ጋር እይታውንም ይገዛል። አንድ ቀን እይታውን መግዛት ከፈለጋችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ግን እዚያ ሻይ ብቻ ጠጥታችሁ ውጡ።

ሜኑው አጭር ከሆነ ደስ ይለኛል። 80 ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ትንሽ ቤት ካየሁ ፍሪዘሩን ነው የማስበው። ያን ሁሉ በየቀኑ ትኩስ አድርጎ ማቅረብ አይችልም። ዋጋው በር ላይ የተለጠፈ ከሆነም ጥሩ ነው፤ ልጆቹን ወንበር ላይ ከደረደሩ በኋላ ተነስቶ መውጣት እንዴት እንደሚከብድ ያውቁታል። በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» እያለ እጅ የሚጎትት ሰው ካለ ግን እለፉት።

ሰው ስትጠይቁ ጥያቄያችሁን ቀይሩ። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ስትሉት ሰውየው እንግዳ የሚመጥን ነው የሚለውን፣ ማለትም ውዱን፣ ይነግራችኋል። «አንተ ትናንት ምሳ የት በላህ?» በሉት። የጥበቃ ሠራተኛ፣ ባለሱቅ፣ ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ፤ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ልጆችሽን ይዘሽ የት ትሄጃለሽ?» ቢሏት ደግሞ ለእርስዎ የሚሆነውን ነው የምትነግርዎ። ደንበኛ ባመጣ ቁጥር ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ምክር ግን ከነኮሚሽኑ ነው የሚመጣው። ኢንተርኔት ላይ አስተያየት ካነበቡም ኮከቡን ትተው ሰዎች ያነሱትን የሜኑ ፎቶ ይፈልጉ። ቀኑንም ይመልከቱ። የሁለት ዓመት ፎቶ ላይ ያለ ዋጋ ታሪክ ነው።

ወንበር ከያዛችሁ በኋላ ሦስት ነገሮች ላይ ነቃ በሉ። አንደኛ፣ ሳታዙት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዳቦ፣ ለውዝ ወይም ውሃ። አንዳንድ ቦታ በነፃ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ይከፈልበታል። «ይሄ ይታሰባል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ በቃል ብቻ የሚነገር «የዛሬ ልዩ ምግብ»። ዋጋው አብሮ ካልተነገረ ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ በክብደት የሚሸጥ ነገር።

በሦስተኛው እኔም ተበልቻለሁ። አንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ፣ በሙያዬ እየተኮፈስኩ፣ ዓሣውን በጣቴ መርጬ አዘዝኩ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ የ100 ግራም መሆኑን በትንንሽ ፊደል የተጻፈ መስመር ይናገር ነበር። እኔ የሙሉው ዓሣ መስሎኛል። ሂሳቡ ሲመጣ ለሁለት ቀን የመደብነውን ያህል ነበር። ቤቱ አላታለለኝም፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ እስካሁን ዓሣ ባየች ቁጥር «ሚዛኑ የት አለ?» ትለኛለች። ከመጠበሱ በፊት ይመዘን፣ ዋጋውም ይነገራችሁ።

ሂሳቡ ሲመጣ አንብቡት። ማጭበርበር በዝቶ አይደለም። ስድስት ሰው፣ የተቀየረ ትዕዛዝ፣ የሚያለቅስ ልጅ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ስህተት ይፈጠራል። ይህንን ሥራ ለ12 ዓመቱ ልጅዎ ይስጡት። የቀኑን የምግብ ገንዘብ በፖስታ ይያዝ፣ ይደምር፣ የተረፈውን ለመጨረሻው ቀን ያስቀምጥ። ገንዘቡን ራሱ የሚቆጥር ልጅ ሦስተኛ ለስላሳ ሲያዝ አላየሁም። ቲፕ በየአገሩ ይለያያልና ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ፤ የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ካለ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ። ውጭ አገር በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በየትኛው ገንዘብ?» ካለ የዚያን አገር ገንዘብ ምረጡ። በራሳችሁ ገንዘብ ቀይሮ ሲያስከፍል ምንዛሪው አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል።

ስለ መካከለኛው ልጅ። «የልጆች ሜኑ» ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ቦታ ጥብስ የበዛበት፣ መጠኑ ያነሰ፣ ዋጋው ግን እንደ መጠኑ ያልቀነሰ ነው። በዚያ ፈንታ «ግማሽ መጠን ይሠራልናል?» ብለው ይጠይቁ። ወይም ነጭ ሩዝ፣ እንቁላል፣ ዳቦ፤ እነዚህ ሜኑ ላይ ባይኖሩም ኪችን ውስጥ አይጠፉም። የልጁ ሆድ በሚያውቀው ይሙላ፣ አዲሱ ነገር ከእርስዎ ሳህን አንድ ጉርሻ ያህል አጠገቡ ይቀመጥለት። ይብላው ብሎ መጨቃጨቅ የለም። ልጆች አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል ሊቀርብላቸው እንደሚያስፈልግ ጥናቶች ያሳያሉ። በ8 ቀን ጉዞ አይለወጥም ማለት ነው። ለእሱ ብላችሁ ሙሉ ሳህን አዲስ ምግብ አዝዛችሁ ግን ገንዘብ አትጣሉ።

ልጆቹ ጠኔ ይዟቸው ምግብ ቤት ፍለጋ አትውጡ። ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይብሉ። የራበው ልጅ የያዘ ወላጅ ምግብ ቤት አይመርጥም፤ የመጀመሪያው በር ነው የሚገባው። የመጀመሪያው በር ደግሞ ብዙ ጊዜ አደባባዩ ላይ ያለው ነው።

ትንሿን በተመለከተ ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ለውዝ፣ ድፍን የወይን ፍሬ፣ ድቡልቡል ቋሊማና ፈንዲሻ በእሷ ዕድሜ ሊያንቃት ይችላል። ወይኑንና ቋሊማውን ርዝመቱን ተከትለው ይሰንጥቁት፤ ለውዙና ፈንዲሻው ይቅርባት።

ርካሽ ምግብ ሆድ ያበላሻል የሚባለው ግማሹ እውነት አይደለም። የምግብን ደህንነት የሚወስነው ከዋጋው ይልቅ ሙቀቱና ጊዜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ያወጣቸው አምስት የምግብ ደህንነት መመሪያዎች አሉ፤ ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬና የበሰለን መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን በተገቢው ሙቀት ማቆየት፣ ንጹህ ውሃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። ጀርም በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ እያየ ተጠብሶ እንፋሎቱ የሚወጣ የመንገድ ዳር ምግብ፣ ለብ ብሎ ለሰዓታት ከተቀመጠ የሆቴል ቡፌ የተሻለ ሊሆን ይችላል። የተረፋችሁን ምግብ አስጠቅልላችሁ ከወሰዳችሁ ፍሪጅ ሳይገባ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ፍሪጅ ከሌላችሁ አስጠቅልላችሁ አትውሰዱ፣ መጀመሪያውኑ ቀንሳችሁ እዘዙ። የቧንቧው ውሃ በማያስተማምንበት ቦታ በረዶውም ያው ውሃ ነው፤ ጥሬ ሰላጣውም የታጠበው በእሱ ነው። የሚላጥ ፍራፍሬ ገዝታችሁ ራሳችሁ ላጡት። ሁለት ሦስት የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካ፣ በንጹህ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ከረጢት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ትንሿ ተቅማጥ ይዟት ሽንት ከቀነሰ፣ ስታለቅስ እንባ ከጠፋ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ከታየ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ወደ አማትዎ ልምጣ። የምግብ ቤት ምግብ ጨው ይበዛበታል፤ ኪችን ውስጥ ጣዕም የምናመጣበት ርካሹ መንገድ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፣ ያ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሾርባና ሶስ ላይ ጨው መቀነስ አይቻልም፣ ቀድሞ ገብቷል። ትኩስ የሚጠበስ ወይም የሚቀቀል ነገር ላይ ግን ይቻላል። «ጨው ሳይገባበት፣ ሶሱ ለብቻው» ብለው ይዘዙላቸው።

እፍረታቸውን በተመለከተ፣ እኔ ከማዶ ቆሜ ስላየሁት ልንገርዎ። አስተናጋጅ የሚጠላው ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይደለም። በልቶ ጨርሶ ሂሳብ ላይ የሚከራከረውን ነው፤ ጣጣው እሱ ላይ ነውና የሚወድቀው። 4 ሳህን አዝዞ ለስድስት ተካፍሎ በ40 ደቂቃ የሚነሳ ቤተሰብ ደግሞ ለቤቱ ጥሩ ደንበኛ ነው፣ ጠረጴዛው ቶሎ ይለቀቃል። አንዳንድ ቤት ለተጨማሪ ሳህን ትንሽ ያስከፍላል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ያም ሆኖ አማትዎን ለማሳመን ጊዜ አያጥፉ። ትዕዛዙን እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ጠረጴዛው ጋ ከመቀመጣችሁ በፊት፣ በር ላይ ወይም ካሸሩ ጋ ጨርሱት። እሳቸው ሲቀመጡ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። የመጀመሪያው ሙሉ ሳህን እሳቸው ፊት ይቀመጥ፣ መካፈሉ በእናንተ በኩል ይሁን።